ጓዳውን አላጠፋሁትም

የነፍስ አባቴ ስለ እኔ ብዙ ያውቃሉ። ጾም መሻሬን፣ ከወንድሜ ጋር ለምን እንደተኳረፍኩ፣ ከማግባቴ በፊት ምን ስሠራ እንደነበር ሁሉ ነግሬያቸዋለሁ። ይህን ግን አያውቁም። ሚስቴም አታውቅም። ልናገር ብዬ ቆርጬ ሄጄ ሌላ ኃጢአት ተናግሬ የተመለስኩበት ጊዜ አለ። ቀለል ያለውን አስረክቤ ከባዱን ይዤ ወጣሁ። ዛሬ ለእናንተ ለማታውቁኝ ሰዎች የምናገረው ድፍረት አግኝቼ እንዳይመስላችሁ። ባለፈው ሳምንት አንድ ነገር ሰማሁ፤ ከዚያ በኋላ ዝም ማለት አልቻልኩም። እሱን ቦታው ላይ ስደርስ እነግራችኋለሁ።

ስሜ ቢንያም ነው። የሠራሁት በደል ሲነገር አጭር ነው። አጥፍቼዋለሁ አልኩ፤ አላጠፋሁትም።

አሜሪካ የመጣሁት በዲቪ ነው። አዲስ አበባ ኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቄ ነበር፤ እዚህ ግን የመጀመሪያ ሥራዬ ሚልፒታስ ፋብሪካ ውስጥ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ መገጣጠም ሆነ። የምኖረው ኦክላንድ ነበር። አንድ ቀን ሱሪ ላሳጥር ቴሜስካል ሰፈር፣ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ወዳለ አንድ ልብስ ስፌት ቤት ገባሁ። የስፌት ቤቱ ባለቤት እትዬ ዘውዴ ናቸው። በሱዳን በኩል የመጡ የድሮ ስደተኛ ናቸው፤ ባላቸውን እዚያው በስደት ቀብረዋል፤ ልጅ አልወለዱም። ሱሪዬን እየለኩ የተማርኩትን ጠየቁኝና መልሴን ሲሰሙ ሜትሩን አንገታቸው ላይ እንደጣሉ እጄን ይዘው ወደ ጓሮ ክፍል ወሰዱኝ። በጨርቅ ጥቅሎች መሃል አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ያቃስታል።

«ይሄ ነገር እየታመመብን ነው፤ ሐኪም አጥተናል» አሉኝ።

ያ ኮምፒውተር «ደጃፋችን» ነበር። ደጃፋችን በዚህ አካባቢ የምንኖር ሐበሾች በአማርኛ የምንጠያየቅበት ገጽ ነው። ቤት የሚያከራይ ሰው አለ ወይ፣ ልጄ ሽፍ አለበት ምን ላድርግ፣ ኢሚግሬሽን ይህን ወረቀት ላከልኝ ምን ማለቱ ነው። የሚመልሱት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ አንድ ፋርማሲስት፣ አንዲት ጡረታ የወጣች መምህርት፣ ከሺፍት ሲወጡ የሚጽፉ አውቶቡስ ነጂዎችና አስታማሚዎች። ማስታወቂያ የለበትም። ደመወዝ የሚበላበት ሰው የለም። እውነተኛ ስምህን የሚጠይቅህም የለም። የጀመረው የእትዬ ዘውዴ የእህት ልጅ ነበር፤ እሱ ሌላ ስቴት ሲገባ ያለ ጠባቂ ቀረ። ጠባቂው እኔ ሆንኩ። ፓስዋርዱ እኔ ዘንድ፣ ባክአፑ፣ ማለት መጠባበቂያ ቅጂው፣ እኔ ዘንድ፣ የገጹ ስም የተመዘገበው በእኔ። ሁለተኛ ሰው ይኑር ያለ አልነበረም። ለምን ይሉ ነበር? ያምኑኝ ነበር።

በደጃፋችን ውስጥ «ጓዳ» የሚባል ክፍል ነበር። ሴቶች ብቻ የሚገቡበት፣ የሚያውቋት ሴቶች ካልመሰከሩላት አንዲትም የማትገባበት። ባል የሚመታት፣ ፅንስ የወረደባት፣ ለቤተሰቧ የማትናገረው በሽታ የያዛት፣ ሁሉም እዚያ ይጽፋሉ። ማሽኑን የምጠብቀው እኔ ስለሆንኩ መግባት የምችለው ብቸኛ ወንድ እኔ ነበርኩ። እትዬ ዘውዴ መጀመሪያ ቀን «ቢኒ፣ ማንበብ እንደምትችል አውቃለሁ፤ እንደማታነብም አውቃለሁ» አሉኝ። አላነበብኩም። ይህን የምጽፈው እንዲያዝልኝ አይደለም። አንድ ሰው በር ጠባቂ ሆኖ ሳያጮልቅ ኖሮ በመጨረሻ ቤቱን አሳልፎ ከሰጠ አለማጮለቁ ምን ይረባዋል?

ራሄል የጓዳ ሰው ነበረች። ላስ ቬጋስ ሳለች ባሏ ይመታታል፤ ስልኳን ይፈትሻል፤ ደጃፋችንን ግን የወጥ አሠራር የምታነብበት ገጽ ይመስለዋል። «የሰኞ ልጅ» በሚል የብዕር ስም መጻፍ ጀመረች። አይተዋት የማያውቁ ሴቶች አወጧት። አንዷ የአውቶቡስ ቲኬት ቆረጠችላት፣ አንዷ ባሏ ሥራ ላይ እያለ በመኪና ጣቢያ አደረሰቻት፣ እትዬ ዘውዴ ሳን ሊያንድሮ ውስጥ አፓርትመንት ፈልገው የኪራይ ውሉን በራሳቸው ስም ፈረሙላት። ትንሽ ልጇን ማክዳን ይዛ ገባች። ስልክ ቁጥሯን ቀየረች። የት እንደምትኖር ከእትዬ ዘውዴ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። እኔ ፋብሪካ ካስገባኋት በኋላ ጠዋት ጠዋት አብረን ወደ ሚልፒታስ እንነዳ ነበር፤ ግን እኔም ብሆን የማነሳት ከቤቷ ራቅ ካለ ማዕዘን ላይ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ወራት ከኋላችን ያለውን መኪና ሁሉ ዞራ ታያለች። ፍሪዌይ ላይ አንድ ግራጫ መኪና ለጥቂት ጊዜ ከተከተለን ወሬዋን ታቋርጣለች። ከዚያ ቀስ በቀስ ተወችው። አንድ ቀን ከሥራ ስንመለስ ብርቱካን እየላጠች፣ ለእኔም እያጎረሰች፣ የማክዳን አስተማሪ አነጋገር እየቀዳች አሳቀችኝ፤ ሳን ሊያንድሮ እስክንደርስ አንድም ጊዜ አልዞረችም። ደጃፋችን ምን እንደሠራ ያን ቀን ገባኝ። ገብቶኝ ነው ያደረግኩት። ሳላውቅ ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር ነበር።

ለምን አደረግኩት? ደክሞኝ ነበር። ስልኬ አያርፍም፤ ደጃፋችን አልከፈት አለኝ፣ ፎቶዬ አልወጣም፣ ያ ሰውዬ ሰደበኝ ከገጹ አስወጣልኝ። የምሳ ሰዓቴን መኪና ውስጥ ላፕቶፕ ጭኔ ላይ አድርጌ የሰው ቅሬታ ሳስተካክል አሳልፋለሁ። ሲሠራ የሚያመሰግን የለም፤ ሲቆም ሁሉም ይደውላል። አብረውኝ የተማሩ ልጆች ሳን ሆዜ ያሉ የኮምፒውተር ድርጅቶች ውስጥ ባጅ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ይገባሉ። እኔ የእነሱን ሥራ እየሠራሁ በጨርቅ ጥቅል ላይ ተቀምጫለሁ። ድካም ግን ያርፋሉ እንጂ ሰው አይሸጡበትም። ከድካሙ በታች ሌላ ነገር ነበር። ሰው እንዲያየኝ እፈልግ ነበር።

ያየኝ ሰው ተገኘ። ሳን ሆዜ ውስጥ ለስደተኞች አፕ የሚሠራ አንድ ድርጅት እንደ ደጃፋችን ያሉ የበጎ ፈቃድ ገጾችን በየቋንቋው ይሰበስብ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ምሳ ጋበዘኝና ለባልደረቦቹ ሲያስተዋውቀኝ «የደጃፋችን ፋውንደር» አለ። መሥራቹ እኔ አይደለሁም። አላረምኩትም። እንዲያውም ደስ አለኝ። ገጹን ወስደው በነጻ ሊያስተዳድሩት፣ እኔን ደግሞ ሊቀጥሩኝ ፈለጉ። ከገጹ ውስጥ ሰው በብዛት የሚጽፍበት የቱ ነው ብሎ ጠየቀኝ። ጓዳ አልኩት። «እንግዲያው ያለ እሱ ምን ያደርግልናል? ሙሉውን ነው የምንፈልገው» አለ። የሴቶቹ ምስጢር ነው ስለው ዝግ እንደሆነ ይቆያል አለኝ። አመንኩት? አላመንኩትም። ጥያቄ አላበዛሁም እንጂ።

ከቅዳሴ በኋላ ስፌት ቤቱ ውስጥ ስብሰባ ተጠራ። ቆሜ ተናገርኩ። በሰው ደግነት የሚሠራ ነገር ጊዜው አልፏል አልኳቸው። ኢንተርኔት ወደፊት የትልልቆቹ ነው፤ እኛ በአሮጌ ማሽን ስንንፏቀቅ አንድ ቀን ሁሉም ነገር ይጠፋል፤ ድርጅት ከያዘው ግን ይኖራል አልኩ። ፋርማሲስቱ፣ ሄኖክ ይባላል፣ እጁን አወጣ። «እነሱ ምን ያገኛሉ?» አለ። «ቢዝነስ ናቸው አይደል እንዴ? ዝም ብሎ የሚሰጥ ቢዝነስ አይቼ አላውቅም።» ሳቅኩበት። ነገሩ የማይገባው ሰው አድርጌ ሳቅኩበት፤ ሌሎቹም አብረውኝ ሳቁ። ኮምፒውተር የተማርኩት እኔ ነበርኩና።

ከዚያ ራሄል ከኋላ ተነሳች። «ጓዳውስ?»

«ጓዳው አይሄድም። ከመዛወሩ በፊት ዲሊት አደርገዋለሁ» አልኩ። ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተያይተው እንግዲያው ይሁን አሉ። የተስማሙት በዚህ ብቻ ነው። ስምምነቱ የቆመው በዚህ ቃል ላይ ነው።

የማጥፊያው ቀን ደረሰ። ብራ ከሰዓት ነበር። ጓሮ ክፍል ውስጥ ከማሽኑ ፊት ተቀምጫለሁ፤ በመጋረጃው ማዶ የእትዬ ዘውዴ ስፌት መኪና ይንጣጣል፤ ከደንበኛ ጋር ስለ ሚዜ ልብስ ያወራሉ። ጓዳን ለማጥፋት አንድ መስመር ትእዛዝ መጻፍና መጫን ነው። ጻፍኩት። አልጫንኩትም። የጻፍኩትን መልሼ ሰረዝኩና ሙሉውን ለድርጅቱ ላክሁ። ማንም አላስገደደኝም። የታመመ ልጅ አልነበረኝም፤ ከቤት ሊያስወጣኝ የመጣ ሰው አልነበረም። ሰኞ ሥራ እጀምራለሁ፤ ያለ ጓዳ ቢደርሳቸው ይቆጡኝ ይሆን ብዬ ፈራሁ። ይኸው ነው። ከዚህ የጠለቀ ምክንያት ፈልጌ ነበር። የለም።

በማግስቱ መኪና ውስጥ ራሄል ጠየቀችኝ።

«ዲሊት አደረግከው?»

«አድርጌዋለሁ።»

«ባክአፑንም?»

«ባክአፑንም።»

«እስቲ ማርያምን በል።»

«ማርያምን» አልኩ።

እፎይ አለችና መቀመጫዋን ወደ ኋላ ለጠጥ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች። ያ አብረን የነዳንበት የመጨረሻው ሳምንት ነበር። እኔ ወደ ሳን ሆዜ ሄድኩ።

ዓመት ሳይሞላ አዲሱ አፕ ሊወጣ ሆነ። ከመውጣቱ በፊት በነበረ ስብሰባ ላይ የድሮዎቹ ዝግ ክፍሎች ለሁሉም ክፍት ይሆናሉ ተባለ፤ አዲስ የሚገባ ሰው ባዶ ቤት እንዳይመስለው። ደግሞም እያንዳንዱ ሰው በስልኩ ውስጥ ያሉትን ቁጥሮች አፑ ያይና «ምናልባት ያውቋቸዋል» እያለ ሰዎችን ያሳየዋል። እዚያ ክፍል ውስጥ የጓዳን ትርጉም የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። እጄን አወጣሁ። ሥራ አስኪያጁ ዕድል ሰጠኝ። የአማርኛ ፊደል በአንዳንድ ስልኮች ላይ ተቆራርጦ ይታያል አልኩ። ይህን ነው ያልኩት። ሌላውን ለመናገር ነበር የተነሳሁት፤ አፌ ላይ ሲደርስ ይህ ሆነ። ጥሩ አስተያየት ነው ተባልኩ፤ ተቀመጥኩ።

ቅዳሜ ጠዋት እትዬ ዘውዴ ደወሉልኝ። ድምፃቸውን መለየት አቃተኝ። ራሄል ሳን ሊያንድሮ ላውንደሪ ውስጥ ልብስ እያጠበች ባሏ ገባባት። መንጋጋዋን ሰበረው፤ ፊቷን ልትከላከልበት ያነሳችውን እጇንም ሰበረው። ማክዳ ፎጣ እያጠፈች ነበር። እየመታት «የራስሽ ሰዎች ናቸው የነገሩኝ» ይላት ነበር። የላውንደሪው ባለቤት አንዲት ቬትናማዊት እየጮኸች የሳሙና ጋሪውን ገፍታ እግሩ ላይ ለቀቀችበት፤ ልብስ የሚያጥቡ ሰዎች ተረባርበው ይዘውት ፖሊስ መጣ። ታሰረ።

ሆስፒታል ሄድኩ። ራሄል መናገር አትችልም፤ አፏ ታስሯል። ዓይኗ ብቻ ነው የሚታየው። ማክዳ ወንበር ላይ እግሯን አንጠልጥላ ተቀምጣለች። በአማርኛ ምን እንዳየች ስጠይቃት እንደ ልማዷ በእንግሊዝኛ መለሰችልኝ። አባቷ ሲገባ ግራ ቀኝ አልፈለገም፤ በቀጥታ ወደ ጥጉ ማሽን ሄደ። «ስለ መስኮቱ ያውቅ ነበር» አለችኝ። ስለ የትኛው መስኮት ነው ስላት ትከሻዋን ሰበቀች። «እማዬ መንገዱን የምታይበት።»

ከሆስፒታሉ ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ተቀመጥኩና ጓዳን ለመጀመሪያ ጊዜ ከፈትኩ። ማንም ሊከፍተው ይችል ነበር፤ ክፍት ነበር። የሰኞ ልጅ ብዬ ፈለግኩ። የጻፈችው ሁሉ አለ። «ቅዳሜ ጠዋት ልብስ ሳጥብ ጥግ ያለውን ማሽን ነው የምወደው። መስኮቱ አጠገብ ነው፤ መንገዱ ይታየኛል፤ ማንም ሳላየው አይገባም።» የቤቷን ሰፈር፣ ከየትኛው መንገድ ማዶ እንደሆነ፣ ባቡሩ ሲያልፍ እንዴት እንደሚሰማት፣ ሁሉን ለእህቶቿ እያለች በደስታ ጽፋዋለች። ከዚያ የድሮ ቁጥሯን፣ ላስ ቬጋስ ሳለች የተመዘገበችበትን፣ በስልኬ ላይ አስገባሁት። አፑ ወዲያው ነገረኝ። ምናልባት ያውቋታል፤ የሰኞ ልጅ። ባሏም በስልኩ ያለው ይኸው ቁጥር ነው።

እንግዲህ ማን ነገረው? እኔ ነኝ። መኪናው ውስጥ ጮኼ ተናግሬዋለሁ፤ የሰማኝ ግን የለም። ለሰው ስናገረው ዛሬ ገና ነው።

ሰኞ ቢሮ ገብቼ ምን እንዳደረግኩ ልንገራችሁ። አንድ ስህተት አገኘሁ አልኳቸው፤ የድሮ ዝግ ክፍሎች ባይታዩ ይሻላል፣ ነገ ጋዜጣ ላይ ብንወጣስ አልኩ። ደነገጡ፤ በዚያው ቀን ሸሸጉት። አላጠፉትም፤ ሸሸጉት። በሳምንቱ ስብሰባ ላይ ሥራ አስኪያጁ ስሜን ጠርቶ ድርጅቱን ከትልቅ ችግር አዳነ አለ። አጨበጨቡልኝ። ራሄል በቱቦ ምግብ እየወሰደች እኔ ቆሜ ጭብጨባ ተቀበልኩ።

በደሉ እዚህ ላይ ቢያበቃ ምናልባት ለነፍስ አባቴ እነግራቸው ነበር።

ራሄል መናገር ስትችል ማሰብ ጀመረች። አድራሻዋን ማን ያውቃል? ያንን ላውንደሪ ማን ያውቃል? መጀመሪያ እዚያ የወሰደቻት፣ ሳንቲም እንዴት እንደሚከተት ያሳየቻት እትዬ ዘውዴ ናቸው። ጓዳ ውስጥ ጽፋ ነበር፤ ጓዳ ግን ጠፍቷል፤ ቢንያም በማርያም ምሏል። ታዲያ ማን ቀረ? መሐላዬ ሌላውን በር ሁሉ ዘጋና እትዬ ዘውዴን ብቻ ተዋቸው። ራሄል ልጇን ይዛ ወደ ሌላ ስቴት ሄደች። ስትሄድ እትዬ ዘውዴን አልተሰናበተቻቸውም። ወሬው ቤተ ክርስቲያን ገባ። ሱቅ ቁጭ ብለው ከሰው ጋር ሲያወሩ አምልጧቸው ነው ተባለ። ሴቶቹ ልብሳቸውን ሌላ ቦታ ማሰፋት ጀመሩ። ሲያገኟቸው ሰላም ይሏቸዋል፤ ከሰላምታው ግን አያልፉም።

እትዬ ዘውዴ አስጠሩኝና ሄድኩ። ጠረጴዛቸው ላይ የሚሰፋ ልብስ አልነበረም።

«ቢኒ፣ ጓዳውን አጥፍተኸው ነበር አይደል?» አሉኝ። አስተያየታቸው የክስ አልነበረም። አላጠፋሁትም እንድላቸው የሚለምኑኝ ይመስላሉ።

«አዎ እትዬ፣ አጥፍቼዋለሁ» አልኩ።

ለሁለተኛ ጊዜ። ያኔ ሁሉን አውቃለሁ። መጀመሪያ ስዋሽ ምን እንደሚመጣ አላውቅም ነበር ልል እችላለሁ። ለሁለተኛው ምን እላለሁ?

ቀስ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያው እኔ ነኝ» አሉ። «ለማን እንደተናገርኩ አስቤ አስቤ አጣሁት። ግን እርጅና ነው፤ ሰው ሲጫወት ብዙ ያወራል። አንድ ቀን አፌ አምልጦኝ ይሆናል። እግዚአብሔር ይመስክርብኝ፣ አላስታውሰውም።»

አሁን የምነግራችሁን ለመጻፍ ይህን ወረቀት ብዙ ጊዜ ትቼው ተነስቻለሁ። እጃቸውን ያዝኩና፣ እነዚያን መርፌ የበሳሳቸውን ጣቶች ይዤ፣ «አይዞዎት እትዬ፣ ሆን ብለው አይደለም» አልኳቸው።

ሆን ብለው አይደለም! ባልሠሩት በደል አጽናናኋቸው። ያላደረጉትን እንዳደረጉ አጸናሁባቸው። «ተባረክ ልጄ» አሉኝ። መረቁኝ! ያን ምርቃት ይዤ ወደ መኪናዬ ሄድኩ፤ ወደ ሳን ሆዜ ነዳሁ፤ ራት በላሁ። ሰው እንዲህ አድርጎ ራት ይበላል? ይበላል። በልቻለሁ።

ሱቃቸውን ብዙም ሳይቆዩ ለቀቁ። ማሽኑ የነበረበትን የጓሮ ክፍል አዲሶቹ ተከራዮች የጥፍር ማሳመሪያ ቤት አደረጉት። ለራሄል ይደርሳት እንደሆነ ብለው በሰው በሰው ይቅርታ ይልኩ ነበር፤ ላላደረጉት ነገር። መልስ አልመጣም። በሚቀጥለው ክረምት ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሰሰና ኦክላንድ ሆስፒታል ውስጥ ሞቱ። ልጅ ስላልነበራቸው የሕይወት ታሪካቸውን እንዳነብ እኔ ተመረጥኩ። አነበብኩ። ሰው ይወዱ እንደነበር፣ ስደተኛ ይቀበሉ እንደነበር አነበብኩ። ከኋላ ሁለት ሴቶች ሲተያዩ አየሁ። ትርጉሙን አውቃለሁ። ወረቀቱ በእጄ ነበር፣ ማይክራፎኑ ከፊቴ ነበር፣ ሬሳቸው እጄ የሚደርስበት ቦታ ነበር። አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር የጎደለችው። አልተናገርኳትም።

ድርጅቱስ? ይኖራል ብዬ የተሟገትኩለት ድርጅት ትርፍ አላገኘንበትም ብሎ አፑን ዘጋው። እኔንም ከሌሎች ጋር አሰናበተኝ። የተሰበሰበው ጽሑፍ ሁሉ ለሌላ ድርጅት ተሽጧል፤ እነዚያ ደግሞ ለማን እንዳሳለፉት ጠይቄ የሚመልስልኝ አላገኘሁም። ዛሬ ደጃፋችንን ብትከፍቱ ባዶ ገጽ ነው የምታገኙት። ልጇ ሽፍ ያለባት እናት የምትጠይቅበት ቦታ የለም፤ በዚያ ቦታ የተናገረችው ምስጢር ግን የሆነ ማሽን ውስጥ አለ። የሚረዳው ጠፋ፤ የሚያዋርደው ተረፈ። ሁለቱንም ያደረግኩት እኔ ነኝ።

አሁን ባለፈው ሳምንት ወደ ሰማሁት ልምጣ። ሳን ሆዜ ያሉ ነርሶች፣ አብዛኞቹ በቅርብ የመጡ፣ እንደ ደጃፋችን ያለ ገጽ እንደገና ሊጀምሩ ነው። የራሳቸው ማሽን፣ ማስታወቂያ የሌለበት፣ ለሴቶችም ዝግ ክፍል ያለው። ልምድ አለህ ምከረን ብለው ላይብረሪ ውስጥ ጠሩኝ። ደስ አለኝ፤ ፈራሁም። ቁልፉ በአንድ ሰው እጅ አይሁን አልኳቸው። ትሕትና መሰላቸው። ከዚያ ሰብሳቢዋ፣ እትዬ ዘውዴን በዓይኗ አይታ የማታውቅ ልጅ፣ እንዲህ አለች።

«እኛን የሚያስፈራን ቴክኖሎጂው አይደለም ጋሼ። ሰው ነው። እንደዚያች ልብስ ሰፊ አፏን የማትጠብቅ ሰው እንዳትገባብን ሩል እናወጣለን።»

ሌሎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ታሪኩን ሁሉም ያውቁታል። መማሪያ ሆኗል። ከኦክላንድ አልፎ ሳን ሆዜ ድረስ ደርሷል። እና እኔ፣ ይህን ሁሉ የማውቀው እኔ፣ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ውኃዬን ጠጣሁና ዝም አልኩ። ለአራተኛ ጊዜ ይሁን ለአምስተኛ፣ መቁጠሩን ትቼዋለሁ።

ቤቴ ገብቼ መጻፍ ጀመርኩ። እሑድ ነርሶቹ ሲሰበሰቡ ይህን ቆሜ አነብላቸዋለሁ፤ ከዚያ በፊት ለሚስቴ። ለነፍስ አባቴም እሰጣቸዋለሁ። ስሜ እንዲቀየር አልፈልግም።

በጓዳ የጻፋችሁ እህቶች፣ ያላችሁት ነገር አልጠፋም። ጠፍቷል ያልኳችሁ ውሸት ነው። የት እንዳለ አላውቅም፤ መልሼ ላመጣው አልችልም። ከማን እንደምትሸሹ የምታውቁ፣ እንደተደረሰባችሁ ቆጥራችሁ ተጠንቀቁ። ይህን ማለት ብቻ ነው የቀረኝ፤ ዘግይቶም ቢሆን።

ራሄል፣ የት እንዳለሽ አላውቅም። ልፈልግሽ ብል ባልሽ ባገኘሽ መንገድ አገኝሽ ይሆናል፤ ስለዚህ አልፈልግሽም። ይህ ጽሑፍ ሰው ለሰው ሲያቀብለው አንድ ቀን እጅሽ እንዲገባ ብቻ እመኛለሁ። ይቅር በይኝ አልልሽም። መንጋጋሽን የሰበረው የእኔ ቃል ነው፤ ይቅርታ መጠየቅም ከአንቺ አንድ ነገር መውሰድ ይሆንብኛል። ከእኔ የወሰድሽውን አንድ ውሸት ግን መልሺልኝ። ዕድሜሽን ሙሉ እንዳትይዢው።

እትዬ ዘውዴ ለማንም አልተናገሩም።